ዘር የማይጠየቅበት ቤት

እኔ እንጀራዬ ማስረጃ መጠየቅ ነው። ሆሳዕና ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ሃያ ምናምን ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ሰው በመስኮቱ ብቅ ባለ ቁጥር ከአፌ የሚወጣው "መታወቂያ ይዘዋል?" ነው። ሽማግሌ ይሁን አራስ፣ ከሆመቾ በዝናብ የመጣ ገበሬ ይሁን ከጎረቤት ቢሮ የመጣ ኃላፊ፣ ለእኔ ያው ነው። ባልደረቦቼ "አንቺ እኮ መልአከ ሞት ቢመጣ እንኳ ደብዳቤህ ማኅተም የለውም ብለሽ ትመልሺዋለሽ" እያሉ ይቀልዱብኛል። ልክ ናቸው። ምላሴም ቢሆን ሹል ነው፤ ከማን እንደወረስኩት እንጃ፣ ከአባቴስ አይደለም።

አባቴ ዕድሜውን የፈጀው ማንም ማስረጃ በማይጠየቅበት ቤት ነው። ከቦኖሻ ወጣ ብሎ፣ በእግር አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ከአንድ ትልቅ ሾላ አጠገብ የአንድ ሼህ ቤት አለ። ሼሁን ያገሩ ሰው ወልይ፣ ማለትም አላህ የወደዳቸው ሰው፣ ብሎ ያከብራቸው ነበር። አባቴ ገና በጎረምሳነቱ የእሳቸው ኻዲም ሆነ፤ እንግዳ ይቀበላል፣ ውሃ ያስቀዳል፣ ቤቱን ይጠብቃል። ሚስት አግብቶም ከግቢው አልወጣም። እኔና ወንድሜ የተወለድነው እዚያው ግቢ ጥግ ባለችው ጎጆ ነው፤ ሼሁ ሲሞቱም ቤቱን ለእሱ አደራ ብለው ነው የሞቱት።

እኔ ደርሼባቸዋለሁ። ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ መልካቸው በደንብ አይታየኝም፤ ነጭ ጢማቸውና ረጃጅም ጣቶቻቸው ብቻ ናቸው የቀሩኝ። አንድ ነገር ግን እስካሁን አልረሳሁም። ሴት ልጅ ወደ ክፍላቸው ስትገባ፣ የአምስት ዓመት ሕፃን እንኳ ብትሆን፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው ብድግ ይሉ ነበር። "ነቢዩ፣ ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም፣ ልጃቸው ስትመጣ ተነሥተው ነበር የሚቀበሏት፤ እኔ ማን ሆኜ ነው የምቀመጠው?" ይላሉ። እኔ ይሄን ያስተዋልኩ ዕለት ሥራዬ መውጣትና መግባት ሆነ። ስገባ ይነሣሉ፣ ስወጣ ይቀመጣሉ፣ ዞሬ እገባለሁ። እናቴ ደርሳ ጆሮዬን ይዛ እስክታወጣኝ ድረስ ስንት ጊዜ እንዳስነሣኋቸው አላውቅም። እሳቸው አንዴም አልተቆጡኝም።

የቀረውን ሕይወታቸውን የማውቀው ከአባቴ አፍ ነው። በየዓመቱ በመውሊድ ቀን፣ ከዙህር ሰላት በኋላ፣ ሰው ሾላው ሥር ይሰበሰብና አባቴ የሼሁን ታሪክ ይነግራል። ያን ቀን የምወደውን ያህል በዓመት ውስጥ የምወደው ቀን አልነበረኝም። ከዶዮገና የመጣ ቡላ በቅቤና በወተት ይሠራና አተካና ይሆናል። ትልልቁን ድስት የሚያመጡልን ፕሮቴስታንት ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ አግዳሚ ወንበሩም ከጸሎት ቤታቸው ነው የሚመጣው። ሴቶቻቸው ከእናቴ ጋር ሽንኩርት እየከተፉ ይሳሳቃሉ፣ ወንዶቻችን ድቤ እየመቱ መንዙማ ይላሉ። ዛሬ ሆሳዕና ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ ያ ዓይኔን ያቃጥለኝ የነበረ ሽንኩርት ሳይቀር ይናፍቀኛል፣ ምን ልበላችሁ። አባቴ ሲተርክ የነቢዩ ቤተሰብ በተነሣ ቁጥር ያቆማል፤ ሁሉም ሰለዋት ያወርዳል፤ ከዚያ ይቀጥላል። ስለዚህ ታሪኩ ቶሎ አያልቅም፣ እንዲያልቅ የሚፈልግም አልነበረም።

ሼሁ ወጣት ሳሉ በርበሬ ነጋዴ ነበሩ፤ ቁጡም ነበሩ። ይቺን ቁጣ አባቴ ደስ እያለው ነበር የሚያወራት። "ሲናደዱ አህያቸው ራሷ መንገድ ትለቅላቸው ነበር" ይላል። አንድ ቀን ከገበያ ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና አንድ ዓይነ ስውር የቁርአን መምህር ቤት ተጠለሉ። መምህሩ ለልጆች እየነገሩ ነበር፤ ነቢዩ በሰላት ግንባራቸውን መሬት እንዳስነኩ የልጅ ልጃቸው መጥቶ ጀርባቸው ላይ ወጣ፣ እሳቸውም ሕፃኑ በቃኝ ብሎ እስኪወርድ ድረስ ቀና አላሉም። በርበሬ ነጋዴው በሩ ላይ ቆመው ሰሙና "ልጁስ ኋላ ምን ሆነ?" ብለው ጠየቁ። መምህሩም ነገሯቸው፤ አድጎ በበረሃ ተከበበ፣ ወንዙ እየታየው ውሃ ተከለከለ፣ ከነጥሙ ገደሉት።

አባቴ እዚህ ጋ ሲደርስ ሁልጊዜ ድምፁ ይሰበር ነበር። ሼሁ ያን ቀን ዝናብ ውስጥ ወጥተው "ጀርባቸው ላይ ያዘሉትን ልጅ ውሃ ከለከሉት?" እያሉ እስከ ቤታቸው አለቀሱ። ከዚያ በኋላ በርበሬውን ተዉት። መንገዱ ዳር ሦስት ጋን ውሃ አስቀመጡና በጋ ከገባ ጀምሮ ዝናብ እስኪጥል በየማለዳው እየሞሉ ኖሩ። ማንም ይጠጣል፤ ወደ ጸሎት ቤት የሚሄደውም፣ ከሰሜን መጥቶ እኛ ዘንድ የሚያስተምረው ክርስቲያኑ መምህርም፣ ከብት ነጂውም። ከዚያም ሰው እየመጣ እሳቸው ዘንድ መማር ጀመረ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ውሃ ቀጂ እንጂ ሼህ ብለው አያውቁም።

ሁለተኛው ታሪክ ደግሞ የጋቢው ነው። ከእለታት አንድ ቀን አንድ የማይታወቅ ሰው መጣና "እኔ የነቢዩ ዘር ነኝ" አለ። ሼሁ አልጋቸውን ለቀቁለት፣ በአዲስ ጋቢያቸው አለበሱት፣ እሳቸው ከሥሩ መሬት ላይ ተኙ። ጠዋት ሲነሡ ሰውዬውም የለም ጋቢውም የለም። መንደሩ ሳቀ። "ዘሩን ሳይጠይቁ!" አሏቸው። ሼሁ እንዲህ አሉ፤ "ዋሽቶም ከሆነ በነቢዩ ቤተሰብ ስም ነው የዋሸው። እኔ ያለበስኩት ስሙን ነው፤ ስሙ ደግሞ አልሰረቀኝም።" ከዚያ ወዲህ የዚያ ቤት ሕግ ይሄ ሆነ፤ ከእነሱ ወገን ነኝ ብሎ የመጣ ሰው አይጠየቅም። ይገባል፣ አልጋ ይለቀቅለታል፣ እሱ ሳይቀምስ ባለቤቱ አይበላም። አባቴ ሼሁ ከሞቱ በኋላም ይሄን ሕግ አንዲት ቀን ሳያጓድል ጠብቋል።

እንግዲህ ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። እናቴ ከሞተች በኋላ ነው፣ አሁን ስድስት ዓመት ገደማ ይሆነዋል። አንድ ጥምጥም ያሠረ ሰውዬ መጣና ያችኑ ቃል ተናገረ። አባቴ አልጋውን ለቀቀለት። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አንድ ወር። እንግዳ የመጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛው ቀን ብር፣ ሦስተኛው ቀን ጨርቅ ይባል የለ? ያ ሰውዬ ወር ሙሉ ወርቅ ሆኖ ከረመ። አባቴ በዚያ ዕድሜው መሬት ላይ ተኝቶ ሳል ያዘው። የወንድሜ ሚስት ማለዳ ተነሥታ ለእንግዳው ስትሠራ ስትሠራ ከሳች። በስልክ በነገረችኝ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ጭራሽ አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ያ የምታወሪው ባለ ጥምጥም እኮ ሆመቾ ገበያ ላይ ሽቶ ሲሸጥ አይቼዋለሁ" ስትለኝ በቃ፣ መውሊድን መጠበቅ ብቻ ነበር የቀረኝ።

በመውሊዱ ሰው ሾላው ሥር ተሰብስቧል። አባቴ ተርኮ ተርኮ የጋቢው ታሪክ ላይ ሲደርስ የሰዉ ዓይን ሁሉ ወደ እንግዳው ዞረ፤ እንግዳው በክብር ቦታ ተቀምጧል። እኔ ተነሣሁ። በቢሮዬ ድምፅ "ይቅርታ፣ መታወቂያዎን ያሳዩን" አልኩ። አባቴ "ልጄ፣ ተቀመጪ" አለኝ፤ አልተቀመጥኩም። ሰውዬው ከደረት ኪሱ በፕላስቲክ የተጠቀለለች የቀበሌ መታወቂያ አወጣና ሰጠኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩት። የትውልድ ቦታ፣ ዶዮገና። "የነቢዩ ዘር ከዶዮገና?" አልኩና ሰዉን አየሁት። አንዱ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቀ።

ሰውዬው መታወቂያውን ከእጄ ተቀብሎ በጥንቃቄ ጠቀለላት። "እናቴ እንዲህ ነው የነገረችኝ" አለ፣ በቀስታ። አተካናው ገና አልቀረበም ነበር። ምንም ሳይቀምስ በመንገዱ ወረደ። አባቴ ጋቢውን ከትከሻው ላይ አውርዶ ይዞ ተከተለው፤ ያ ሳል የያዘው ሽማግሌ ሲሮጥ አየሁት። ከረጅም ጊዜ በኋላ ጋቢውን እንደያዘ ተመለሰ፤ አልደረሰበትም። ታሪኩን አልጨረሰም። ከዚያ ዓመት ወዲህም መውሊድ ሲመጣ ሌላ ሰው ነው የሚተርከው።

አባቴ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር፤ እኔም መልስ ነበረኝ። ስደውል ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል፣ ስሄድ ደስ ይለዋል። አንድ ነገር ግን ቀረ። ድሮ ልሄድ ስነሣ እጁን ራሴ ላይ አድርጎ ይመርቀኝ ነበር፤ ረጅም ምርቃት ነው፣ መኪና እስኪያመልጠኝ ድረስ። ከዚያ ቀን በኋላ "በሰላም ግቢ" ብቻ ሆነ። እጁ ወደ ራሴ አይመጣም። ያለ ምርቃቱ ወደ ሆሳዕና እመለሳለሁ፣ ግን ደግሞ ይቅርታ ለማለት አፌ አይላላም። ምን አጠፋሁ? ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ነው ያነበብኩት። እንዲህ እያልኩ አምስት ዓመት ከራሴ ጋር ተከራከርኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ባለፈው ዓመት ነው በቃኝ ያልኩት። ሄጄ አፉ በለኝ ልለው ወሰንኩ፤ አፉ በለኝ ማለት በእኛ ቤት ይቅር በለኝ ማለት ነው፣ ከሞት በፊት የግድ የሚባል ቃል ነው። ወሰንኩ እንጂ ግን አልሄድኩም። ዛሬ ሪፖርት አለ፣ ነገ ስብሰባ፣ ከነገ ወዲያ የመንገዱ ጭቃ። ሳመነታ ሳመነታ የወንድሜ ሚስት ደወለች። አባቴ ከጥቂት ወራት ወዲህ ነገር እንደሚረሳ አውቅ ነበር፤ የሰው ስም ይጠፋዋል፣ የሰገደውን ደግሞ ይሰግዳል። አሁን ግን ባሰበት አለችኝ። እሷንም አላወቃትም፣ ወንድሜንም አላወቀውም፣ ምግብ ከነካ ደግሞ ሁለት ቀኑ ነው።

በማግስቱ ፈቃድ ጠየቅሁና ሄድኩ። ቦኖሻ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ ትንሽ በባጃጅ፣ ጭቃው ሲብስ በእግር። መንገዱን ሁሉ የምለውን እያጠናሁ ነበር። ስደርስ ከቀትር በኋላ ሆኗል። አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ አንሷል፣ አንገቱ ቀጥኗል። በሀዲይኛ "አባባ" አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኖቹ ያው የአባቴ ዓይኖች ናቸው። "እንኳን ደህና መጡ፤ ይቀመጡ፣ መንገድ ደክሞዎታል" አለኝ።

አባቴ እርስዎ አለኝ።

"አባባ፣ እኔ ነኝ፣ ልጅህ።"

"ልጄ ሆሳዕና ናት" አለ ፈገግ ብሎ። "ሥራ ላይ ናት። የመንግሥት ሠራተኛ ናት።"

"እኔ እኮ ነኝ" አልኩት፤ እጁን ያዝኩት፣ ስሜን ነገርኩት፣ የእናቴን ስም ነገርኩት። ደጋግሜ በነገርኩት ቁጥር ፊቱ እየተጨነቀ ሄደ። ማስረጃ አቅርቢ አለመባሌ ነው እንጂ መታወቂያዬን ላወጣ ምንም አልቀረኝም ነበር። በኋላ እሱን ማስጨነቁን ተውኩት። ያጠናሁት ንግግር ሳይነገር ቀረ፤ የማያውቀኝ ሰው እንዴት አድርጎ አፉ ይለኛል? ዘገየሽ ማለት ይሄ ነው ብዬ አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል።

የወንድሜ ሚስት የቡላ ገንፎ ይዛ ገባች። አባቴ ሳህኑን በእጁ ገፋ። ለምን እንደማይበላ ጠየቅሁት። በዝቅተኛ ድምፅ፣ ምስጢር እንደሚነግር ሰው፣ "እንግዳ መጥቶ ነበር" አለኝ። "ከነቢዩ ቤተሰብ። ሳይቀምስ ነው የሄደው፤ ተከትዬው አልደረስኩበትም። እሱ ሳይመለስ ምን ብዬ እበላለሁ?" እና በሩን ማየት ጀመረ። የወንድሜ ሚስት ወደ እኔ ዞር ብላ "ሁለቱንም ቀን እንዲህ ነው" አለችኝ። ስሙን፣ ልጆቹን፣ የሚስቱን ሞት ረስቷል። ያን ሰውዬ ግን አልረሳውም።

ለምን ያን እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። የሚሞትብኝ መስሎኝ ነው፤ በረሃብ፣ ዓይኔ እያየ፣ እኔ ባባረርኩት ሰው ምክንያት። "እሱ ነው የላከኝ" አልኩ። "እኔም ከእነሱ ወገን ነኝ።"

ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያለ ማኅተም አንዲት ቃል ያልተቀበልኩ ሴት፣ እንዲህ ዓይን ያወጣ ውሸት ዋሸሁ። አባቴ ማስረጃ አልጠየቀኝም። ከየት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ አላለኝም። ፊቱ በራ። የወንድሜ ሚስት ልትይዘው ስትሮጥ የአልጋውን ጠርዝ ይዞ ወደ መሬት ወረደና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ እኔን አልጋው ላይ እንድቀመጥ በእጁ አሳየኝ። እምቢ ብል ውሸቴ ይፈርሳል፤ ተቀመጥኩ። እጄን ሊስም ሲጎነበስ ነጠቅሁትና የእሱን እጅ ሳምኩ። ገንፎውን በማንኪያ ቆንጥሮ መጀመሪያ እኔን አጎረሰኝ። እንባዬን ከገንፎው ጋር ዋጥኩት። ከዚያ ራሱ ጎረሰ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። የወንድሜ ሚስት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ግማሹን ከበላ በኋላ ማንኪያውን አስቀመጠ። "አንድ ነገር ልለምንዎት?" አለኝ።

"ይበሉ" አልኩ። እኔም እርስዎ ማለት ነበረብኝ።

"ልጅ አለችኝ" አለ። "ያንን እንግዳ ያባረረችው እሷ ናት። ክፉ ልጅ አይደለችም። ሳል ይዞኝ ነበርና አሳዝኜያት ነው። መሬት መተኛቴ አንጀቷን በልቶት ነው። እናንተ አፉ ሳትሏት የእኔ ምርቃት ምን ይረባታል ብዬ እጄን እንኳ ራሷ ላይ ካሳረፍኩ ቆየሁ። ስትሄድ ከኋላዋ እያየሁ አለቅሳለሁ። እርስዎ ከእነሱ ወገን ነዎት፤ እባክዎ አፉ ይበሏት።"

እና እጆቹን ለዱዓ ዘረጋ። እኔም ዘረጋሁ፤ ምን ምርጫ አለኝ? በሼሁ አልጋ አጠገብ ያደገች፣ የነቢዩን ቤተሰብ ስም በሐሰት የያዘች ሴት፣ በእነሱ ስም ለራሴ ይቅርታ ሰጪ ሆንኩ። ያ ከዶዮገና የመጣ ሰውዬ እናቱ የነገረችውን አምኖ ነበር፤ እኔ ግን እያወቅሁ ነው የዋሸሁት። እንደምንም "አፉ ብለናታል" አልኩ። አባቴ "አሚን፣ አልሐምዱሊላህ" ብሎ እጆቹን ፊቱ ላይ አሳረፈ። ስድስት ዓመት የተሸከመው ነገር ከትከሻው ሲወርድ አየሁት፤ አንገቱ እንኳ ቀና አለ።

እኔ ግን የመጣሁበት ነገር ገና አልቀለለኝም። የምጠይቀው ማን እንደሆንኩ እሱ አያውቅም፤ ቢሆንም ጠየቅሁት።

"እርስዎስ?" አልኩ። "እርስዎ አፉ ብለዋታል?"

ግራ ገብቶት አየኝ።

"እኔ?" አለ። "እኔን ምን አደረገችኝ?" አለና ሌላ ጉርሻ ይሠራልኝ ጀመር።